ያገለገለ ባለ ሦስት መቀመጫ ጄት ስኪ ለመግዛት ለሚያስቡ የሐይቅ ዳር ሹማምንትና ባለይዞታዎች

የሰው ልጅ አዲስ ነገር ባየ ጊዜ ዐይኑ ልቡን ይቀድማል። ዐይን የወደደውን ልብ ሳይመረምረው ገንዘብ ከእጅ የወጣ እንደ ኾነ፣ ጸጸቱ የሚመጣው ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ ነው። ይህ በግል ገንዘብ ሲኾን ጕዳቱ የአንድ ቤት ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ ሲኾን ግን ጕዳቱ የወረዳው ሕዝብ ኹሉ ነው። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ያለውን አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንት፣ እንዲሁም በሐይቅ ዳር መሬት ይዘው የእንግዳ ማረፊያ የሚያቆሙ ሰዎች፣ ጄት ስኪ የሚባለውን የውኃ ሞቶር፣ ይልቁንም ሦስት ሰው የሚቀመጥበትን ያገለገለውን ዕቃ ለመግዛት ባሰቡ ጊዜ፣ አስቀድመው ሊመዝኑት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ የመሣሪያውን ጠባይ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በውኃ ላይ እንደ ፈረስ የሚጋለበው ይህ ሞቶር አሳቡ የመነጨው በአሜሪካ አገር በ1960ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲኾን፣ የአሳቡ አባት ክሌይተን ጃኮብሰን የሚባል ሰው ነው። የካናዳው የቦምባርዲዬ ኩባንያ በ1968 ሲ ዱ የተባለውን አወጣ፤ የጃፓኑ ካዋሳኪ ደግሞ በ1973 ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ ለገበያ አቀረበ። ጄት ስኪ የሚለው የካዋሳኪ የንግድ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ሕዝቡ የዚህ ወገን ለኾነው መሣሪያ ኹሉ መጠሪያ አድርጎታል። ተቀምጠው የሚነዷቸው፣ ኹለትና ሦስት ሰው የሚይዙት የበዙት ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሞቶሩ በቀፎው ውስጥ ከመቀመጫው በታች ተሸሽጎ ይቀመጣል። ከቀፎው ሥር ባለው አፍ ውኃ ይስባል፤ የሳበውንም ውኃ በፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር በታላቅ ኀይል ወደ ኋላ ይተፋዋል፤ በዚህም ግፊት መሣሪያው ወደ ፊት ይወነጨፋል። መዘውሩ እንደ ሌላው የሞቶር ጀልባ ወደ ውጭ የወጣ ስላልኾነ የዋናተኛ እግር አይቈርጥም። ፍጥነቱም ታላቅ ነው። በሃዋይ ደሴቶች በባሕር ዳር የሚቆሙ የነፍስ አድን ሠራተኞች ከኋላው ጠፍጣፋ መጫኛ አስረው፣ በማዕበል የተያዘውን ሰው ያወጡበታል። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ መልካም ነው። ጥያቄው መልካም ስለ መኾኑ አይደለም፤ ለታሰበው ሥራ፣ ለታሰበው ሐይቅ፣ ላለው ገንዘብ የሚስማማ ስለ መኾኑ ነው።

አዲሱ ባለ ሦስት መቀመጫ በውጭ አገር ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ፣ ብዙ ሰው ዐይኑን የሚጥለው ባገለገለው ላይ ነው። ነጋዴውም ቀለሙን አሳድሶ፣ ወንበሩን አዲስ አልብሶ፣ በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሹም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛው፣ የሚሠራበት ሥራ ምንድር ነው? የሚለው ነው። ስለዚህ ግዢ ሲታሰብ ምክንያት ተደርገው የሚጠሩት ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ ይኸውም ዓሣን ያለ ሥርዓት የሚያጠምዱትን መቈጣጠር፣ ከደሴት ወደ የብስ በሽተኛ ማመላለስ፣ በውኃ የሚሰጥመውን ማዳን ነው።

የዓሣውን ነገር ያየን እንደ ኾነ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሹማምንቱ ሐይቁን የመጠበቅ ዕዳ አለባቸው። ዳሩ ግን ጥበቃ ማለት ሲበሩ መታየት ብቻ አይደለም። ተቈጣጣሪው በሌሊት የተዘረጋውን መረብ ከውኃ ማውጣት፣ የወጣውን እርጥብ መረብ መጫን፣ ጥፋተኛውን አሳፍሮ ወደ የብስ መመለስ አለበት። ባለ ሦስት መቀመጫው ጄት ስኪ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ሸክም እንደየሥሪቱ ከ200 እስከ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሰባ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች ቢቀመጡበት 225 ኪሎ ይኾናል፤ ለመረቡና ለተያዘው ሰው ስፍራው ወዴት ነው? ደግሞም በሥሩ ያለው ውኃ መሳቢያ አፍ መረብ የገባበት እንደ ኾነ በመዘውሩ ላይ ይጠመጠምና ሞቶሩ ወዲያው ይቆማል። ሊይዝ የሄደው ተቈጣጣሪ ራሱ በመረብ የተያዘ ዓሣ ይኾናል ማለት ነው።

የበሽተኛውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ወይም ወባ ያደከመውን ሰው እንደ ፈረሰኛ አፈናጥጦ፣ ውኃ እየተረጨበት፣ በማዕበል ላይ እያንገጫገጩ መውሰድ ከሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። በሽተኛ መጋደም ይገባዋል፤ በጄት ስኪ ላይ መጋደሚያ የለም።

የሚሰጥመውን ለማዳን ግን ይህ መሣሪያ በእውነት ይጠቅማል። እንግዶች በሚታጠቡበት ዳርቻ፣ የሠለጠነ ሰው አጠገቡ ተቀምጦለት፣ ከተጠራበት ሰዓት አንሥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚደርስ ከኾነ የሰው ነፍስ ያድናል። ስለዚህ ከሦስቱ ሥራዎች አንዱ ብቻ በሚገባ የሚስማማው መኾኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ኹለተኛው ጥያቄ፣ የሚሄድበት ውኃ እንዴት ያለ ነው? የሚለው ነው። ውኃ ኹሉ አንድ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ታላቅ ሐይቅ ሲኾን፣ ጥልቀቱ ግን ከበዛበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁንም ገበሬውንም አስጨንቋል። መገጭ፣ ርብና ጕማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡት በዚሁ ወገን ነው። ባርቡስ የተባለውም የዓሣ ወገን በክረምት ለመራባት ወደነዚህ ወንዞች ስለሚወጣ፣ በአፋቸው ላይ የሚዘረጋው መረብ ዘሩን ከነእናቱ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ጥበቃ በጣም የሚያስፈልገው በክረምት፣ በወንዞቹ አፍ፣ አረሙና ጎርፍ ያመጣው ግንድ በተከማቸበት ስፍራ ነው። ውኃ እየሳበ የሚሄደው ሞቶር ደግሞ እጅግ የሚቸገረው በዚያው ስፍራ ነው። የእምቦጭ ሥር አንድ ጊዜ በመሳቢያው አፍ ከገባ ውኃው አይሳብም፤ ሞቶሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞቶር ያለው ጀልባ ግን አረም ሲይዘው ሞቶሩን ወደ ላይ አንሥቶ በእጅ ማጽዳት ይቻላል።

ዝዋይም ጥልቀቱ ጥቂት ነው። የጄት ስኪ ሠሪዎች ሞቶሩ በሚነሣበት ቦታ የውኃው ጥልቀት ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ያዝዛሉ፤ ካነሰ ግን ፓምፑ ከመሬቱ አሸዋና ጠጠር ይስባልና። የላንጋኖ ውኃ ደግሞ ደለል ተንጠልጥሎበት ሁልጊዜ ቡናማ መልክ አለው። በብዙ ሥሪቶች ሞቶሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሐይቁ ውኃ ስለ ኾነ፣ ደለሉ በቀጭኑ የውኃ መተላለፊያ ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ በላንጋኖ የሚሠራበት ሰው በየቀኑ ማታ በንጹሕ ውኃ ሊያጥበው ግድ ነው። በጫሞ ሐይቅ አዞና ጕማሬ ስላሉ፣ ዝቅ ብለው በሚቀመጡበት መሣሪያ ለመዝናናት መውጣት ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይባልም።

ከውኃው ሌላ አየሩም ይታሰብ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ላንጋኖ፣ ዝዋይና ሐዋሳም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። በጣና ከፍታ አየሩ በውቅያኖስ ጠረፍ ካለው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሞቶርም እንደ ሰው በአየር የሚኖር ስለ ኾነ፣ አየር በግድ የሚያስገባ ተጨማሪ መሣሪያ ከሌለው ኀይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በወደብ አገር ሦስት ሰው ተሸክሞ የሚበረው መሣሪያ በደጋው ሐይቅ ሦስት ሰው ሲጫንበት ከውኃው ቶሎ ብሎ አይነሣም። ሻጩ የተናገረውን ፍጥነት እንደ ሰሙት ተቀብሎ መግዛት ስለዚህ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ከገዙት በኋላ የሚያስፈልገው ገንዘብና ሰው አለ ወይ? የሚለው ነው። የአራት ምት ቤንዚን ሞቶር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ለያንዳንዱ ሦስት የፈረስ ጕልበት በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይበላል። በዚህ ስሌት ባለ 15 ፈረስ ጕልበት ተንጠልጣይ ሞቶር በሰዓት 5 ሊትር ያህል ሲፈጅ፣ ባለ 110 ፈረስ ጕልበት ጄት ስኪ 35 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው 70 ሊትር የሚይዝ ቢኾን ኹለት ሰዓት ሮጦ ያልቃል። የወረዳው የነዳጅ በጀት ይህን ይችላልን? በወር የተመደበው ቤንዚን በአንድ ሳምንት ካለቀ፣ መሣሪያው የቀረውን ሦስት ሳምንት በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ሕገ ወጡ አጥማጅም ይህን ከሹሙ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለ መለዋወጫውም እንዲሁ ነው። የመኪና ካንዴላና ባትሪ በየከተማው ይገኛል፤ የፓምፑ መዘውርና መዘውሩን የሚከበው ቀለበት ግን ከውጭ አገር በውጭ ገንዘብ የሚመጣ ነው። እስኪመጣ ድረስ ሥራው ይቆማል።

ወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣ ሰው የሚያስተምረው ምሳሌ ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ያቃተው ሰው መሳቂያ የኾነው ግንብ መውደዱ ክፉ ኾኖ አይደለም፤ ኪሳራውን አስቀድሞ ባለመቍጠሩ ነው።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መርምሮ፣ ለምሳሌ በጠራ ውኃ ዳር ማረፊያ ቤት ያለው ሰው፣ መግዛት ይገባኛል ብሎ የቈረጠ እንደ ኾነ፣ እንግዲህ አገዛዙን ይወቅ። ገበያ ወጥቶ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከፍቶ ዕድሜዋን ያያል፤ ሰኮናዋን ያነሣል፤ ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋ ገጣባ መኾን አለመኾኑን ይመረምራል፤ በመጨረሻም ራሱ ተቀምጦ ያስኬዳታል። ያገለገለ ጄት ስኪም አገዛዙ ይኸው ነው።

ዕድሜው የሚታወቀው በቀፎው ኋላ ከተቀረጸው ቍጥር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲኾን፣ መጨረሻ ያሉት ኹለት አኃዞች የሥሪቱን ዓመት ያመለክታሉ። ይህ ቍጥር ተፍቆ ወይም ከወረቀቱ ጋር ሳይስማማ የተገኘ እንደ ኾነ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ነገሩን በዚያው ትቶ መመለስ ይገባል። የጕምሩክ ወረቀት የሌለውን ዕቃ የሚገዛ ሹም ከዕቃው ጋር ክስ ይገዛል።

ከዚህ በኋላ ኮርቻው ይነሣ፤ የጄት ስኪም መቀመጫ ተነቅሎ ይነሣልና። በሥሩ ያለው ሞቶር ዝገት፣ የጨው ነጭ አመድ፣ የዘይት ነጠብጣብ እንዳለበት ይታይ። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ የዓረብ አገሮች የሚዋሰኑበት ባሕረ ሰላጤ ጨው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ከዚያ የመጣ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ሳይታጠብ የኖረ እንደ ኾነ፣ ቀለሙ ቢያበራም ውስጡ ተበልቷል። የዘይቱ መለኪያ ወጥቶ ይታይ፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ የተገኘ እንደ ኾነ ውኃ ወደ ሞቶሩ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህም የመጨረሻ ምልክት ነው። ሞቶሩ በእጅ ሲነካ ሞቆ ከተገኘ፣ ሻጩ ገዢው ሳይመጣ አስነሥቶታልና፣ በቀዝቃዛነቱ የማይነሣ እንዳይኾን ሌላ ቀን ተመልሶ ማየት ይገባል።

መካኒኩ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ልኩ ከሲሊንደር ሲሊንደር ከዐሥረኛ እጅ በላይ ከተለያየ ሞቶሩ ታሟል። ከዚያም ቀፎው ተገልብጦ ወይም በተሳቢው ላይ እንዳለ ከሥሩ ይታይ። በፋይበርግላሱ ላይ የተለጠፈ ጥገና፣ በመሳቢያው አፍ ዙሪያ ስንጥቅ፣ በመዘውሩ ጠርዝ ላይ ጥርስ የመሰለ ቍራጭ የታየ እንደ ኾነ፣ ያ ሞቶር ድንጋይና አሸዋ ሲውጥ ኖሯል። መዘውሩና በዙሪያው ያለው ቀለበት እጅግ የተቀራረቡ መኾን አለባቸው፤ ክፍተቱ የሰፋ እንደ ኾነ ሞቶሩ እየጮኸ መሣሪያው አይሄድም።

ባለ ኹለት ምትና ባለ አራት ምት ሞቶር የቀረበ እንደ ኾነ አራት ምቱን መምረጥ ይሻላል፤ ኹለት ምቱ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠለ ጢሱንና ቅባቱን ሕዝብ ወደሚጠጣው ሐይቅ ይጥላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ሱፐርቻርጀር የሚባለው አየር በግድ የሚያስገባ መሣሪያ ያለበትም የደጋውን አየር መሳሳት የሚክስ ቢመስልም፣ በአንዳንድ አሮጌ ሥሪቶች በየ100 ሰዓቱ ተፈትቶ መታደስ ስለሚገባው ብልሃተኛ መካኒክ በሌለበት አገር አይመከርም። በመጨረሻም መሣሪያው ውኃ ላይ ወርዶ፣ የታሰበው ሸክም ሙሉ ተጭኖበት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነዳ። በየብስ ላይ ቆሞ ሲጮኽ ብቻ ሰምቶ የገዛ ሰው፣ በቅሎን በድምፅዋ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

ከዕቃው ምርመራ ቀጥሎ የነጂው ነገር ይመጣል፤ ከኹሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ጄት ስኪ የሚታጠፈው በሚተፋው ውኃ ግፊት ስለ ኾነ፣ ነጂው ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን የለቀቀ እንደ ኾነ መሪው መታዘዙን ያቆማል፤ መሣሪያውም ወደ ፊት በነበረበት አቅጣጫ ይንሸራተታል። ያልተማረ ሰው ከፊቱ ታንኳ ሲያይ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነዳጁን መልቀቅ ነው፤ በዚያም ጊዜ ሊሸሸው የፈለገውን ይመታዋል። በኋለኞቹ ዓመታት የተሠሩት አንዳንዶቹ ይህን የሚያግዝ ማቆሚያ አላቸው፤ አሮጌዎቹ ግን የላቸውም። ስለዚህ ሞቶሩን የሚያጠፋው ገመድ ከነጂው እጅ አንጓ ወይም ከሰደርያው ጋር ሳይታሰር፣ በላዩ የተቀመጡት ሦስቱም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብሱ፣ ማንም እንዳይነሣ በጥብቅ መታዘዝ አለበት።

የጣና ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ከውኃው ጋር ተስተካክሎ ተቀምጦ የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው። በአጠገቡ በታላቅ ፍጥነት የሚያልፍ ሞቶር የሚያስነሣው ሞገድ ታንኳውን ሊገለብጥ፣ መረቡን ሊበጥስ ይችላል። ሊጠብቀው የተገዛ መሣሪያ የሚያሰጥመው ከኾነ፣ ሕዝቡ ሹሙን እንደ ጠባቂ ሳይኾን እንደ ጠላት ያየዋል።

አንዳንዶች፣ ከምንም ይሻላል፤ ርካሽ ከተገኘ ይገዛና ኋላ የተሻለ ይመጣል ይላሉ። ይህ አነጋገር በመጀመሪያ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ እውነትም የሚኾንበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን በመንግሥት መዝገብ ላይ አንድ የውኃ ሞቶር ተገዝቷል ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ ለሚመጡት ዓመታት ሌላ ጀልባ ለመጠየቅ አፍ አይገኝም። የተሰበረው መሣሪያ በቢሮው ግቢ ቆሞ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ በርካሽ የተጀመረው በውድ ይፈጸማል።

ስለዚህ የነገሩ ፍርድ እንዲህ ነው። ለአስተዳደር ቢሮ፣ ለዓሣ ጥበቃና ለበሽተኛ ማመላለሻ ከኾነ፣ ያገለገለ ባለ ሦስት መቀመጫ ጄት ስኪ አይገዛ። በዚያው ገንዘብ ወለሉ የሰፋ ክፍት ጀልባና ከ15 እስከ 40 ፈረስ ጕልበት ያለው ተንጠልጣይ ሞቶር ቢፈለግ፣ ፍጥነቱ ቢያንስም መረቡንም በሽተኛውንም ይሸከማል፤ ነዳጁም ወሩን ያደርሳል። በሐይቅ ዳር እንግዳ ተቀባይ ለኾነው ባለይዞታ ግን፣ ውኃው የጠራና አረም የሌለበት፣ መካኒኩ ቅርብ፣ ነጂው የተማረ ከኾነ፣ ተጨማሪ መሣሪያ የሌለበትን የአራት ምት ሞቶር ከላይ እንደ ተነገረው አስመርምሮ ይግዛ፤ ካለውም ገንዘብ ሢሶውን ለጥገና ሳይነካ ያስቀምጥ። ሢሶውን ለማስቀመጥ የማይችል ሰው ለመግዛትም ገና አልደረሰም።

ሹመት የሚመሰገነው በዕቃ ብዛት አይደለም። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ሹሙን የሚያስታውሰው በሚያብረቀርቅ ሞቶር ላይ ስለ ታየ ሳይኾን፣ በክረምት ሌሊት ማዕበል ሲነሣ የተላከው ጀልባ ስለ ደረሰ፣ ዓሣውም ለልጅ ልጅ ስለ ተረፈ ነው። ይህን በልቡ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው፣ ገዝቶም ይኹን ሳይገዛ ቢመለስ አይጸጸትም።